ሲውጥ ማየት ብቻውን አያድንም፦ ስለ ቲቢ ሕሙማን ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ቲቢ ሕክምና የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ደረሰኝ። የላከችልኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። «አንብቢውና የምትይውን ንገሪኝ» አለችኝ። አነበብኩት። ተናደድኩና ዘጋሁት። ማታ ደግሜ ሳነበው ግን ጸሐፊውን የሚያሳስባቸው ነገር እኔንም እንቅልፍ የሚነሳኝ ነገር መሆኑ ገባኝ። መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ይብስበታል። ሌላውንም ያስይዛል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢም ሊመጣበት ይችላል። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። የምንለያየው ምን ይደረግ የሚለው ላይ ነው።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ ሕመምተኛ መድኃኒት የሚያቋርጠው በቸልተኝነት ነው። ስለዚህ የነርስ ሥራ ክኒኑ ሲዋጥ ማየትና ካርዱ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ተላላፊ በሽታ ያለበትን ሰው «ራስህን ተንከባከብ» ማለት አደገኛ ነው። እቤቱ ሲሆን ደግሞ ቤተሰቡ ይቆጣጠረው። ነርስና ሕመምተኛ አብረው ቁጭ ብለው ዕቅድ ያውጡ፣ በትብብር ይሥሩ የሚባለው ነገር ጊዜ የተረፈው የሚያወራው ቅንጦት ነው። ለማንኛውም በቅርቡ ስልክ ሁሉንም ይተካዋል።

እኔ የቲቢ ክፍል ውስጥ ለዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝ። በየተራ ልመልስ።

«የሚያቋርጡት ቸልተኞች ስለሆኑ ነው»

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ አባት ነበሩ። መድኃኒት ጀምረው ጥቂት ቀን መጡና ቀሩ። በማግስቱም የሉም። ስደውል አያነሱም። «እኚህ ሰውዬ ለራሳቸው ግድ የላቸውም» ብዬ ለባልደረባዬ አማረርኩ። እሷ ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት የሠራች ናት። «መጀመሪያ ሄደን እንጠይቃቸው» አለችኝ። ሄድን። በሩን ገርበብ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና «ልጄ፣ መድኃኒታችሁ ኩላሊቴን አደማው» አሉኝ። ሽንታቸው ቀልቶባቸው ነው። ለልጆቻቸው እንኳ አልተናገሩም።

ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት ሽንትን ብርቱካናማ ወይም ቀላ ያለ ያደርገዋል። እንባና ላብም ሳይቀር ቀለሙን ይይዛሉ። ጉዳት የለውም። መድኃኒቱ ከሰውነት ሲወጣ የሚታይ ቀለም ነው። ይህን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ያንን ግማሽ ደቂቃ ያልሰጠኋቸው እኔ ነኝ። እሳቸው ያደረጉት ማንም አስተዋይ ሰው የሚያደርገውን ነው። የሚጎዳኝ መስሎ የታየኝን ነገር እኔም አልውጥም።

ከዚያ ወዲህ የቀረ ሰው ሁሉ ለምን እንደቀረ እጠይቃለሁ። መልሱ «ሰነፍኩ» የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። አንዱ እግሩን እያቃጠለው፣ እየደነዘዘበት ነበር። ይህ አይሶኒያዚድ የሚባለው የቲቢ መድኃኒት የሚያመጣው ነገር ነው፤ ቫይታሚን ቢ6 ይከላከለዋል። ሌላዋ መገጣጠሚያዋን እያመማት ደረጃ መውጣት አቅቷት ነበር። ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፓይራዚናማይድ ነው። አንዱ አሠሪው በየቀኑ የሚያረፍድ ሰው አልፈልግም ብሎታል። ከሕክምናና ከደመወዙ አንዱን መምረጥ ነበረበት። የዓለም ጤና ድርጅት በየአገሩ የተደረጉ የወጪ ጥናቶችን አይቶ የሚለው ይህንኑ ነው። ቲቢ ካለባቸው ቤተሰቦች ግማሽ ያህሉ በበሽታው ምክንያት የሚያጡት ከዓመት ገቢያቸው 20 በመቶ በላይ ነው። መድኃኒቱ በነጻ እየተሰጠም ማለት ነው። ትራንስፖርቱ፣ የቀረው የሥራ ቀን፣ ምግቡ ተደማምሮ።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ማገገሙ ነው። በሁለተኛው ወር ማሳሉ ይቆማል። ትኩሳቱ ይጠፋል። የሰፋ ሱሪ ልክ ይሆናል። ታዲያ ለምን ክኒን ልዋጥ? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልስም አለው። በመደበኛው የ6 ወር ሕክምና የመጀመሪያዎቹን 2 ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት ይሰጣል። እነዚህ ቶሎ ቶሎ የሚባዙትን ባክቴሪያዎች ይጨርሷቸዋል። ሰውየው ደህና የሚሆነውም ለዚህ ነው። ጥቂቶቹ ግን አድፍጠው ይቀራሉ። ቀሪዎቹን 4 ወራት ሪፋምፒሲንና አይሶኒያዚድ የሚሰጡት ለእነሱ ነው። እኔ ባክቴሪያዎቹን ለማሳየት ወረቀት ላይ ብዙ ነጥብ እሥላለሁ። አብዛኛውን እሰርዝና ሦስቱን አከብባለሁ። «ሳልህ የቆመልህ የተሰረዙት ስለሞቱ ነው፤ በሽታውን የሚመልሱብህ እነዚህ ሦስቱ ናቸው» እላለሁ። ብዙዎች ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ይዘውት ይሄዳሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጽሑፉ ደጋግሞ «ጠፊዎች» ይላቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 የቃላት አጠቃቀሙን ሲያሻሽል ሕመምተኛውን ጥፋተኛ የሚያስመስለውን ቃል ትቶ «ከክትትል ውጪ የሆነ» በሚል ተክቶታል። ለሁለት ተከታታይ ወራት ወይም ከዚያ በላይ ያቋረጠ ሰው ማለት ነው። ቃል ምን ያመጣል አትበሉ። «ጠፊ» ተብሎ የተጻፈበት ሰው ተመልሶ ሲመጣ በሩ ላይ የሚጠብቀው ፊት ሌላ ነው።

«ነርስ ሲዋጥ ታይ፣ ምልክት ታድርግ፤ ይበቃል»

እዚህ ላይ ጽሑፉ የዓለም ጤና ድርጅትን ምስክር ይጠራል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1993 ቲቢን ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ችግር ብሎ አወጀ። ቀጥሎ ዶትስ የሚባለውን ስልት በየአገሩ አሰራጨ። በዓይን እያዩ ማስዋጥ በዚያ ስልት ውስጥ ነበር፤ እውነት ነው። ግን ብቻውን አልነበረም። የመንግሥት ቁርጠኝነት፣ የአክታ ምርመራ፣ የማይቋረጥ የመድኃኒት አቅርቦትና ውጤትን የሚከታተል መዝገብ አብረውት ነበሩ።

ማየቱ ብቻ ሲለካስ? ኮክሬን የሚባለው ጥናቶችን የሚገመግም ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ግምገማ አለ። በዓይን እየታዩ የዋጡትን በራሳቸው ከወሰዱት ጋር ያወዳደሩ ሙከራዎችን ሰብስቦ አየ። ማየቱ ብቻውን የማቋረጥን ችግር እንዳልፈታ ደመደመ። የዓለም ጤና ድርጅትም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ለሁሉም ሕመምተኛ ትምህርትና ምክር እንዲሰጥ አጥብቆ ይመክራል። መድኃኒቱን ሲወስድ የሚደግፈው ሰው ካስፈለገም፣ ወደ ጤና ተቋም ከማመላለስ ይልቅ በቤቱ ወይም በአካባቢው ቢሆን ይሻላል ይላል።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን ያስተማረችኝ ግን አንዲት ሴት ናት። በየቀኑ በሰዓቷ ትመጣለች። ፊቴ ትውጣለች። ካርዷ ሞልቷል፤ አንድ ባዶ ቦታ የለውም። በሁለተኛው ወር ክብደቷ አልጨመረም። «ክኒኑ እንዴት ነው?» አልኳት። «ደህና ነው» አለች። ምንም ሳልናገር ትንሽ ጠበቅኳት። ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ። በየቀኑ ከግቢው ወጥታ አጥሩ ሥር ታስመልስ ነበር። እኔ ያን ሁሉ ምልክት የማደርገው አጥሩ ሥር ለሚቀር መድኃኒት ነበር።

ጉበቷ ተመረመረ፤ ደህና ነው። መድኃኒቱ ባዶ ሆድ ላይ ቢወሰድ የተሻለ ይሠራል። ማቅለሽለሹ ከበረታ ግን ከትንሽ ምግብ ጋር መውሰድ ከማቋረጥ በእጅጉ ይሻላል። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረን ሰዓቷን ወደ ማታ አዞርነው። ማስመለሱ ቆመ። ይህን መፍትሔ ያመጣው መጠየቁ ነው። ማየቱማ ሁለት ወር ሙሉ ነበረ።

ማየት አያስፈልግም አልልም። አጠገቡ ሰው መኖሩ የሚያጽናናው ብዙ ሕመምተኛ አለ። በዓይን ማየት የምትጠይቅና የምታዳምጥ ነርስ እጅ ሲገባ ይጠቅማል።

«ራስን መንከባከብ ለቲቢ አይሆንም»

ይህ የጽሑፉ ዋና ክርክር ነው። ስለዚህ ረጋ ብዬ ልመልሰው።

ጸሐፊው ራስን መንከባከብ ሲባል ክኒኑን አስይዞ «በል ቻው» ማለት መስሏቸዋል። እንደዚያ ቢሆን እኔም እቃወም ነበር። በነርሲንግ ትምህርት ስለዚህ ነገር በሰፊው ያሰበችው ዶሮቲያ ኦረም ናት። እሷ የነርስን ሥራ ሦስት ደረጃ ሰጥታዋለች። ሕመምተኛው ምንም የማይችል ሲሆን ነርሷ ሁሉንም ታደርግለታለች። በከፊል ሲችል ይካፈላሉ። ሲችል ደግሞ ነርሷ ታስተምራለች፣ ትደግፋለች። ያው ሰው በአንድ ሕክምና ውስጥ ሦስቱንም ሊያልፍ ይችላል። ደም እያሳለ በሰው ትከሻ ተደግፎ የመጣ ሰው በአራተኛው ወር የራሱን ቀጠሮ የሚያስታውስ ሰው ይሆናል። ነርሷ እያየች፣ በልኩ እጇን ትሰበስባለች።

ደግሞ ሒሳቡን እንየው። ሕመምተኛ በአዘቦት ቀን እኔ ጋ የሚቆየው በጣም ቢበዛ 10 ደቂቃ ነው። የቀረው ቀንና ሌሊት የእሱ ነው። ዓይኑ ቢጫ መሆኑን መጀመሪያ የሚያየው እሱ ነው። ቀይና አረንጓዴ መለየት እንዳቃተው የሚያውቀው እሱ ነው። ይህ ኢታምቡቶል የሚባለው የቲቢ መድኃኒት ጉዳት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር መነገር አለበት። ብርቱካናማ ሽንት አያስፈራም። እንደ ጥቁር ሻይ የጠቆረ ሽንት፣ ከማያቆም ማስመለስና ከቀኝ ጎን ሕመም ጋር ሲመጣ ግን ጉበት ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ያን ቀን ክኒኑን አቁሞ ወደ ሐኪም መሮጥ አለበት። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው ሁለት ስህተት ይሠራል። ማቆም የሌለበት ቀን ያቆማል። ማቆም ያለበት ቀን ይውጣል።

ስናስተምር ደግሞ «ገባህ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ሁሉም «አዎ» ይላል። እኔ «እቤት ስትደርስ ለሚስትህ እንዴት ነው የምትነግራት?» እላለሁ። በራሱ አፍ ሲነግረኝ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ አየዋለሁ። ሕመምተኛው ካልገባው አስረድቼ አልጨረስኩም ማለት ነው።

አደጋ ነው የሚለውንም ታሪክ መልሶታል። እ.ኤ.አ. በ1956 ሕንድ ውስጥ ማድራስ ከተማ አንድ ትልቅ ሙከራ ተጀመረ። በዚያ ዘመን የቲቢ ሕመምተኛ ቦታው ሳናቶሪየም፣ ማለትም የቲቢ ሕሙማን ተለይተው የሚተኙበት ሆስፒታል ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ግማሹ እዚያ ተኝቶ ታከመ። ግማሹ በተጨናነቀና በተቸገረ ቤቱ ሆኖ መድኃኒቱን ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1959 ውጤቱ ሲወጣ የሁለቱ መዳን ተቀራራቢ ሆነ። እቤት የታከሙት ሰዎች ቤተሰቦችም ሳናቶሪየም ከገቡት ሰዎች ቤተሰቦች የበለጠ አልተያዙም። ዛሬ ቲቢ በተመላላሽ የሚታከመው ከዚያ የተነሳ ነው። በሽተኛውን በራሱ ቤት ማመን ያኔም ያስፈራ ነበር፤ ግን ሠራ። የሠራው ባዶ እምነት ስለነበር አይደለም። መድኃኒት በእጃቸው ነበር፤ የሚከታተላቸውም ባለሙያ ነበር።

«ቤተሰብ ይቆጣጠረው»

አንዲት ወጣት አስታውሳለሁ። እቤት የምትጠጣበትን ኩባያ በክር አስረው ለይተውላት ነበር። በልታ ስትነሳ የተቀመጠችበትን ይወለውላሉ። መድኃኒቷን እህቷ ቆማ ታስውጣታለች፤ ስትዘገይ ትጮህባታለች። ልጅቷ ከበሽታው በላይ ያቺ ክር አሳመመቻት።

ቲቢ በአየር እንጂ በኩባያ አይተላለፍም። የሚሠራ መድኃኒት በትክክል ከተጀመረ ደግሞ የማስተላለፍ አቅሙ በፍጥነት ይወርዳል። መስኮት መክፈት፣ ሲያስሉ አፍን መሸፈን፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለብቻ መተኛት ይጠቅማል። ክር አይጠቅምም። እናቷንና እህቷን ጠርተን ይህን ስንነግራቸው እናትየው «ማንም አልነገረንም» አሉ። ማታውኑ ክሩ ተፈታ።

ስለዚህ ቤተሰብ ይግባ፤ እኔም እላለሁ። ግን ማን እንደሚረዳው ሕመምተኛው ይምረጥ። አንዳንዱ ሚስቱን ይመርጣል። አንዳንዱ ጓደኛውን። አንዳንዱ ለማንም አለመናገር ይፈልጋል፤ ምክንያት ይኖረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የ2017 መመሪያም በዓይን የሚያየው ሰው ከቤተሰብ አባል ይልቅ የሠለጠነ የአካባቢ ሰው ወይም የጤና ባለሙያ እንዲሆን ይመክራል። ቤት ውስጥ ፍቅርም አለ፣ ኩርፊያም አለ። ዘበኝነት ሲጨመርበት ደግሞ ሁለቱም ይበላሻሉ።

ጽሑፉ የዘለለውን ላስታውስ። ቤተሰቡ ራሱ መመርመር አለበት። በተለይ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች። በሽታው ከሌለባቸው መከላከያ መድኃኒት ይሰጣቸዋል። ምግብም ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የወጣ አንድ የሕንድ ሙከራ የቲቢ ሕመምተኛ ላለባቸው ቤተሰቦች ለወራት ቀለብ ሰጥቶ፣ በቤተሰቡ ውስጥ በአዲስ የሚያዙት ሰዎች ቁጥር በ39 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ቤተሰቡ ተመርምሮ፣ ተደግፎ፣ ከዚያ ነው አጋዥ የሚሆነው።

«ስልክ ይተካዋል»

ባጭሩ ልለፈው። በስልክ ቪዲዮ እየቀረጹ መዋጥ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የእንግሊዝ ሙከራ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከታቀደው ክትትል ውስጥ 80 በመቶና ከዚያ በላይ የተከታተሉት በቪዲዮ 70 በመቶ፣ በአካል 31 በመቶ መሆናቸውን አገኘ። ደስ የሚል ውጤት ነው። ሰውየውን ከመመላለስ ያድነዋል። ግን ቪዲዮውን የሚያይ፣ ሲቀር የሚደውል፣ ሲያመው የሚያነጋግረው ሰው ከወዲያ አለ። ስልኩ ነርሷን ወደ ሕመምተኛው አቀረባት እንጂ አላስቀራትም።

«ትብብር ቅንጦት ነው፤ ጊዜ የለም»

ጊዜ የለም የሚለው እውነት ነው። ለዓመታት ኖሬበታለሁ። ወረፋው በር ላይ ቆሞ አንድን ሰው ግማሽ ሰዓት ማነጋገር ያስጨንቃል። ነርስ ራሷ ስትደክም፣ የሚደግፋት አለቃ ሲጠፋ ደግሞ ይብሳል። ይህን ጸሐፊው በማንሳታቸው አመሰግናለሁ።

ግን ጊዜው የሚሄደው የት ነው? የመጀመሪያው ቀን ላይ የተቆጠበችው ግማሽ ሰዓት በኋላ በእጥፍ ትከፈላለች። የቀረን ሰው ፍለጋ የሚጠፋ ቀን አለ። በመዝገብ ላይ ያለው ስልክ የጎረቤት ይሆናል፤ አድራሻው የቀድሞ ቤቱ ይሆናል። ሕክምናን እንደገና መጀመር አለ። መድኃኒት ከተላመደ ደግሞ የበለጠ የሚከብድ ሕክምና፣ የበለጠ ክትትል ይመጣል።

ትብብር ሲባልም ነርሷ ሁሉን ትሸከም ማለት አይደለም። ለምሳሌ ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ቲቢ ሲይዘው ሪፋምፒሲን ዶልቴግራቪር የሚባለውን የኤች አይ ቪ መድኃኒት ያዳክመዋል። ስለዚህ ዶልቴግራቪሩ በቀን ሁለቴ መሆን አለበት። ሆርሞን ያለባቸው ብዙ የወሊድ መከላከያዎችም በሪፋምፒሲን ይዳከማሉ። ይህን ሐኪሙ ያውቀዋል፤ ፋርማሲስቱም ያውቀዋል። ግን ሕመምተኛዋ በሦስት ክፍል ሦስት ካርድ ይዛ ስትዞር ሦስቱን ካርድ አንድ ላይ የሚያያቸው ማን ነው? በየሳምንቱ የምታገኛት ነርስ ናት። «ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ብላ ትጠይቃለች። ከዚያ ስልክ አንስታ ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ታናግራለች። በትብብር መንከባከብ በተግባር ይሄ ነው። ሕመምተኛዋ ትናገራለች፣ ነርሷ ታገናኛለች፣ ባለሙያዎቹ ይወስናሉ። ውሳኔው ተመልሶ ለሕመምተኛዋ በሚገባት ቃል ይነገራል።

አሁን አዲስ ሰው ሲመጣ አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅ አላሰናብትም። «ይህን መድኃኒት እንዳትወስድ የሚያደርግህ ምን ነገር ሊመጣ ይችላል?» እለዋለሁ። ባለፈው አንድ የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ ነበር። እኛ ለሁሉም ጠዋት 2 ሰዓት ነው የምንለው። እሱ አሰበና «ሲስተር፣ እኔ በዚያ ሰዓት ከሥራ ገብቼ የሞትኩ ያህል ነው የምተኛው። ሁለት ቀን እነቃ ይሆናል፤ ስድስት ወር ግን አልዋሽሽም» አለኝ። ታዲያ መቼ ይሻልሃል አልኩት። ለሥራ ከመውጣቱ በፊት ጫማውን የሚያስርበት ሰዓት አለ። ክኒኑን ጫማው አጠገብ እንዲያስቀምጥ ተስማማን። የሚረዳው አብሮት የሚጠብቅ ጓደኛው ነው፤ ራሱ ነው የመረጠው። እስክሪብቶ ሰጠሁት። ካርዱን ገለበጠና ጀርባው ላይ በራሱ እጅ «ምሽት 12 ሰዓት» ብሎ ጻፈ።